የገንዳው ካርፕ

በበጋ ወጀብ ነው፣ የዛፍ ቅርንጫፍ መጥቶ
የብላዤናን መስኮት የሰበረው መትቶ።
የመታጠቢያ ቤቱን፤ ደብዛዛ ነበረ፣
አርባ ዓመት ገመናን ሸፍኖ ያደረ።
አዲሱን የገጠመው የቱርኖቭ ባለሙያ
ጥርት ያለ አመጣ፣ ለሱቅ ዕቃ ማሳያ።

ከጠባቧ መንገድ ወዲያ ማዶ በኩል
ቬንዴሊን ድንች ይልጣል፣ ሬዲዮ ይከፍታል።
“በሰባ አንድ ዓመቴ ምኔስ ይታያል?”
ትላለች። ግን ደግሞ ከውሃው ስትነሣ
ፎጣዋን ትስባለች ክብሯን አስታውሳ።
ልጇ ሊቡሼ በስልክ፦ “መጋረጃ ስቀዪ!”
“በእንፋሎት ይሻግታል፤ አንቺ ልጅ፣ እኔን ተዪ።”

ሠላሳ አንድ ዓመት በብርጭቆ ፋብሪካ
ስታሽግ ኖረች፣ መቅረጫ ሳትነካ፤
አጋዘን፣ የወይን ሐረግ፣ የሌላ እጅ ምስክር
በገለባ መጠቅለል፣ በሣጥን መደርደር።
ፋብሪካው ተዘጋ፤ ጣቶቿ ግን አሉ፣
የተነፈጉትን እስከዛሬ ይቆጥራሉ።

ከቀለም መሸጫ አንድ ጠርሙስ ገዛች፣
ወተት መሳይ አሲድ፤ ጓንት ጨምራ ያዘች።
ሻጩ መከራት፦ “ዐይንሽን ጠብቂ፣
በተከፈተ መስኮት ሥሪ፣ ከሽታው ራቂ።”
“መስኮቱ ራሱ ነው ጠረጴዛ ላይ የሚተኛው፣”
ብላው ወጣች እየሳቀች፤ አልገባውም ሻጩ ሰው።

ምን ይሣል? አበባ? አበባስ በቃት፣
ሺህ ጽጌረዳ ነው በገለባ ያለፋት።
ካርፕ ይሁን አለች። በየዓመቱ ገና
ኦታካር፣ ነፍሱን ይማር፣ ከገበያ ይመጣና
ገንዳው ውስጥ ይለቀው ነበር በሕይወቱ፤
እስኪታረድ ድረስ ሦስት ቀን ነው ቤቱ።
በነዚያ ሦስት ቀናት ማንም አይታጠብም።
አንዴ ሊቡሼ ስም አወጣች፤ “ስም ያለው አይበላም፣”
ብላ አለቀሰች። አባቷ ሌሊት ተነሥቶ
በባልዲ ወሰደው፤ ተመለሰ ወንዙ ውስጥ ከቶ።
የዚያን ገና ማታ ድንች በሉ።

ወረቀቱን ለጠፈች፤ በጡረታ ካርዷ
አየሩን ገፋችው፣ ላብ ወርዶ በክንዷ።
ከጅራቱ ጀምራ በምላጭ ቀደደች፣
ቅርፊቱን አንድ በአንድ፣ ትንፋሿን እየዋጠች።
ዓሣውን ላጠችው፤ ባዶው ላይ ቀባች፣
አምስት ደቂቃ በእንቁላል ሰዓት ቆጠረች።
ሕጉ ይህ ነው፦ የተሸፈነ ጠርቶ ይቀራል፣
የተገለጠውን አሲዱ ነክሶ ያነጣዋል።
ታጠበ፤ ደረቀ፤ ካርፑ ብቅ አለ፣
ነጭ፣ ውርጭ የለበሰ፣ አፉን ከፈት ያለ።
መስኮቱን መልሳ ስትገጥም ነው የገባት፦
ዓሣው ተሸፈነ፤ እሷ ግን ራቁቷን ናት።

ሊቡሼ ሳቀች፣ ሳል እስኪይዛት ድረስ።
“ተገልብጦብሽ ነው! ዓሣውን ነበር መሸፈን።
ጠርሙሱ ካላለቀ ቀቢው ቀሪውን።”
ቀቢው! ግን ዙሪያውም እኩል ከደበዘዘ
ማን ያየዋል ዓሣውን፣ ጉም በጉም ከተያዘ?
ወይ መታየት ከነዓሣ፣ ወይ መሸሸግ ያለ ዓሣ።
ቆመች፣ ቆመች፣
ብሩሹ እጇ ላይ እስኪደርቅ።
ከዚያ የጠርሙሱን ክዳን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች።

በሦስተኛው ቀን ላይ፣ ማዶ፣ በራሱ መስኮት
ቬንዴሊን ጨርቅ ሰቀለ፣ ጠማማ፣ በቆንጣጭ አራት፤
የጠረጴዛ ልብስ፣ የሾርባ ነጠብጣብ ያለበት።
ዳቦ ቤት ሲገናኙ ኮፍያውን አውልቆ
“ቀኑ አጠረ” አላት፣ ዐይኑን ከሷ አርቆ።

ማታ መብራቱን ሳታበራ ገባች።
የመንገዱ ፋኖስ መስኮቱን ሲያልፍ
ውሃው ላይ ታየ የዓሣ ጥላ ሲንሳፈፍ።
እግሯን ስታንቀሳቅስ ጅራቱ ተወዛወዘ፣
ወደ ቧንቧው ዞረ፣ ተመለሰ፣ ፈዘዘ።
ሦስት ቀን ማንም አይታጠብም ነበር።
ጉልበቷን ሰበሰበች፣ ቀስ ብላ፣ ወደ ዳር፣
ቦታ እንዲበቃው።